«አላውቅም ካልሽ ያባርሩሻል» ለተባልሽው እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ከገባሽ ገና ወር አልሞላሽም። የደመወዝ ሥራ ተሰጥቶሻል፣ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ግራ አጋብቶሻል፤ አጠገብሽ ያሉትን አንጋፋ ሠራተኛ ለመጠየቅ ግን ፈርተሻል። አባትሽ «በሙከራ ጊዜሽ አላውቅም ካልሽ ያባርሩሻል» ብለውሻል።

አባትሽን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ቤቱ ደመወዝሽን እንደሚጠብቅ ይገባኛል። ለዚያ ደመወዝ የሚያሰጋው ደግሞ ተሳስቶ የወጣ ሰነድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አሁን ብትጠይቂ ማንም አይገረምም። በዓመትሽ ብትጠይቂ ግን ይገረማሉ።

እኔም የጀመርኩት በሂሳብ ሥራ ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። እኔ የትራንስፖርት አበሉንም ደምሬ ቆረጥኩ። ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ወረቀቱን ይዤ እስከ አለቃዬ በር ሄጄ ይሉኝታ ያዘኝና ተመለስኩ። በሁለተኛው ወር ጥበቃው የደመወዝ ወረቀታቸውን አራት አጥፈው ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቀነሰብኝ እኮ» አሉኝ። ያ ወረቀት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ጠይቂ። «አልገባኝም» ብለሽ ብቻ ግን አትሂጂ። መጀመሪያ የቻልሽውን ሥሪ። ከዚያ «ጋሼ፣ የዚህን ሰው ጡረታ በመሠረታዊ ደመወዙ አስልቻለሁ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ይካተታል?» በያቸው። መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ከሥራቸው አያስፈታቸውም። በየአምስት ደቂቃው አትመላለሺ፤ ሦስት አራቱን አጠራቅመሽ ከሻይ ሰዓት በኋላ ሂጂ። ወር መጨረሻ ሲጣደፉ ተያቸው። የነገሩሽን እዚያው ደብተርሽ ላይ ጻፊ፤ ሰው የሚሰለቸው ያንኑ ነገር ሁለቴ ሲጠየቅ ነው። ሲሳካልሽ ደግሞ ተመልሰሽ «ጋሼ፣ ባሉኝ መሠረት ሠራሁት፣ ልክ መጣ» በያቸው። ብዙዎቻችን ይህቺን እንረሳለን። ያስተማረ ሰው ግን ልፋቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል።

የኤክሴል ሥራውን እያመጣ የሚጭንብሽ የሥራ ባልደረባሽስ? አጠገቡ ተቀመጪና አሳዪው፣ ኪቦርዱን ግን እሱ ይንካ።

ማስተርስ ልጀምር ወይ ላልሽው ደግሞ፣ ይቆይ። ቢያንስ አንድ የሰኔ 30 የዓመት ሂሳብ ዘግተሽ እይ፤ የትኛው ዘርፍ እንደሚስብሽ ያኔ ይገባሻል።

ነገ ግን ከፒችትሪው ጀምሪ። የቆምሽበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ከፍተሽ ጋሼን ጥሪያቸው።