አስታማሚ ይውጣ ያልኩበት ምሽት

የእህቴ ልጅ ነርሲንግ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት ናት። ባለፈው እሁድ ደሴ ቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ስልኳን አቀበለችኝ። የድብ ፊት ያለው ነጭ ሮቦት አንድ ሰው በሁለት ክንዱ ታቅፎ ከአልጋ ያነሳል። ሮቤር ይባላል፣ ሪከን የተባለው የጃፓን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳየው ነው። "አክስቴ፣ እንዲህ ከመጣማ እኛ ምን ልንሠራ ነው?" አለችኝ እየሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

1989 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ወሎ፣ ሆስፒታሉን ተዉት። ነርስ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ኩራቴ ከጦሳ ተራራ ይበልጥ ነበር። እኚህን ሰው የቅሬ ሰዎች ከወረኢሉ በኩል በቃሬዛ አመጧቸው። መኪና መንገድ እስኪደርሱ ትከሻ እየተቀያየሩ ነው የተሸከሟቸው። (ቅሬ ለማታውቁ፣ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው።) ዋርድ ሲገቡ አራቱ የጋቢውን ጫፍ ያዙ፣ አንዱ "ቢስሚላህ" አለ፣ እኩል አነሱና አልጋው ላይ አሳረፏቸው። ሽማግሌው እህ እንኳ አላሉም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማየው በጫማቸው ያስገቡትን ጭቃ ነበር።

ማታ "አስታማሚ ይውጣ!" ብዬ ሁሉንም አስወጣሁ። አንድ ልጅ "ሌሊት የሚያገላብጣቸው ይፈልጋሉ፣ እኔ ብቻ ልደር ሲስተር" ብሎ ለመነኝ። "ሥራችንን እናውቃለን" አልኩት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንሶላቸው ረጠበ። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሌላ ክፍል ተጠርታለች። ሃያ ደቂቃ ብጠብቅ ትመጣ ነበር። አልጠበቅኩም። እጄን በብብታቸው ሥር አስገብቼ ላነሳ ስል ወገቤ ቀጭ አለ፣ እጄ ከዳኝ፣ ሰውዬው ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ። እዚያው መሬት ላይ እንዳሉ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አብሽሪ ልጄ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?"

ካርዱ ላይ "በሽተኛው ከአልጋ ወደቀ" ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ያ ልጅ ሲጠይቀኝም ያንኑ ደገምኩለት። ሽማግሌው ነቅተው ይሰማሉ። አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ለማንም አልተናገሩም። ሲወጡ ጭራሽ መርቀውኝ ሄዱ። ከወገቤ ይልቅ ያ ምርቃት ነው ዛሬም የሚያመኝ።

ወገቤማ ዲስክ ሆኖ ቀረ። ወጌሻ በቅቤ አሸችኝ፣ ለሳምንት ቅቤ ቅቤ ስሸት በሽተኞቹ ሠርግ ነበረብሽ ወይ ይሉኝ ነበር።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ነርስ በእጇ የምታነሳው የበሽተኛ ክብደት ከ16 ኪሎ ገደማ አይለፍ ይላሉ። የወፍራም ሰው አንድ እግር ማለት እኮ ነው! ከዚያ በላይ ከሆነ በማሽን ይነሳ ነው ነገሩ። ሮቤር ግን ለምርምር የተሠራ ነው፣ ራሱ 140 ኪሎ ይመዝናል። ሊፍት የተበላሸ ቀን እሱን ማን ፎቅ ላይ ሊያወጣው ነው፣ ቅሬ? ደግሞ አብሽር አይል። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ያን ሌሊት ቢኖረኝ ኖሮ ግን እግሩን እስም ነበር።

እናንተ ወጣት ነርሶች፣ እጅ ታጠቡ ምናምን አልላችሁም፣ ተምራችሁታል። የዛሬ ልጆች በሽተኛውን ያለ ጓንት አትነኩም፣ በዚያው ጓንት ስልካችሁን ስትነካኩ ግን አይቻለሁ። ብቻ አንድ ነገር፣ አስታማሚውን ከማስወጣታችሁ በፊት እንዴት እንደሚያነሳ እዩት። ከገጠር በቃሬዛ ያመጣ ሰው እናንተ በደብተር የጻፋችሁትን በትከሻው ያውቀዋል። ብቻችሁንም አታንሱ። ይህን የምላችሁ እኔ ባለፈው ክረምት ጎረቤቴን ብቻዬን አንስቼ አሥር ቀን ተኝቻለሁ።

ቪዲዮውን እንደገና አሳዪኝ አልኳት። ሰውየው በድቡ ክንድ ላይ ዘና ብሏል።

"ቢጥለውስ? ካርዱ ላይ ማን ይጽፋል?"

"ማሽን አይዋሽማ አክስቴ" ብላ ሳቀች።

ቶናው ደርሶ ነበር። ቅጂልኝ አልኳት።