«ሲስተም የለም» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው ነው? ስለ ፋይዳ መታወቂያና ስለ ዲጂታል አገልግሎት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት የመዝገብና የመረጃ ሥርዓት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጥያቄያችሁን አምጡ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስሜ በፓስፖርቴና በፋይዳዬ ላይ በአንድ ፊደል ስለሚለያይ ባንክ መለሰኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ያንተ አይደለም ወንድሜ። ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያንከራትተው ይኸው ነው። አንዲት እናት ወረቀታቸውን በፌስታል ቋጥረው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የቀበሌ መታወቂያው «ፀሐይ» ይላል፣ የጋብቻ ወረቀቱ «ጸሀይ»፤ በላቲን ፊደል የተጻፉት ሁለቱ ደግሞ አንዱ በ«አይ» ሌላው በ«ዋይ» ያልቃሉ። ለጎረቤት አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር አራት። ልደትም እንዲሁ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር 1982 ያልከው በፈረንጅ 1982 ተብሎ ከገባ በ7 ወይም በ8 ዓመት አርጅተህ ታድራለህ። ድሮ መዝጋቢው እንደመሰለው የጻፈውን፣ ማሽኑ ዛሬ እንደ ወንጀል ያየዋል። ስትመዘገብ ፓስፖርትህን ይዘህ ሂድ፤ መረጃው ከመላኩ በፊትም «ስክሪኑን አሳዩኝ» በልና ፊደል በፊደል አመሳክር።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜያቸውን በእርሻ ነው ያሳለፉት፤ አሻራቸው አልያዝ አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ምክንያት መቅረት የለባቸውም። ፋይዳ ከ10 ጣት አሻራ ሌላ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ጣታቸው ከደረቀ ትንሽ አርጥበው ይሞክሩ። «አዳር» በተባለው የህንድ ዲጂታል መታወቂያ ላይ የታየው ያሳስበኛል፤ ጃርካንድ በተባለው ግዛት ውስጥ ጣታቸው በሥራ ያለቀ ድሆች ማሽኑ አላውቃችሁም ብሏቸው ያለ ራሽን ተመልሰዋል። አሻራ እምቢ ሲል ሰው የሚወስንበት ሌላ በር የግድ መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ «ሲስተም የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ መብራት፣ አንዳንዴ ኔትወርክ፣ አንዳንዴ ዋናው ሰርቨር። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት መመዝገብና በኋላ መላክ ይችላል። በአሻራ ወይም በስልክ ኮድ ማንነት ማረጋገጥ ግን መስመር ይፈልጋል። እኔን የሚያናድደኝ መቋረጡ አይደለም፤ በሁለት መኪና ተሳፍረው የመጡ አዛውንት «ነገ ይምጡ» መባላቸው ነው። ማመልከቻውን በወረቀት ተቀብሎ የመዝገብ ቁጥር መስጠት ምንም አይከብድም። ጠይቁ፤ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መረጃዬን የሚጠብቅልኝ ሕግ አለ?

መልስ፦ አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። መታወቂያው ራሱ የታወጀው ግን ቀድሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ደስ ይለኝ ነበር። ኬንያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2021 ፍርድ ቤት «ሁዱማ ካርድ» የተባለውን የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ ሥርጭት ሕገ ወጥ ያለው፣ በሰው መረጃ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና ነው።

ጥያቄ፦ ስማርት ስልክ የለኝም።

መልስ፦ ተራ ስልክ ይበቃል። በጎረቤት ቁጥር ግን አትመዝገብ፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ወደዚያ ስልክ ነው። ሲም ከቀየርክም ቶሎ ሄደህ አስተካክል።