ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆች፦ እርሾ ስለመለሰው ጥያቄ

ልጆች፣ ሴል ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪዎች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «መሣሪያ በሌለበት ምን ምርምር ይሠራል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከመሣሪያው በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ። ጥያቄያችሁን በምን ላይ እንደምትመረምሩት መምረጥ ነው። ዝም ብዬ ከምመክራችሁ በጣም የምወደውን የምርምር ታሪክ ላጫውታችሁ።

ነገሩ ሴል ውስጥ ስላለው ማጓጓዝ ነው። ሴል የሚሠራው ፕሮቲን ሁሉ እዚያው አይቀርም። ኢንሱሊን ከቆሽት ሴል ወጥቶ ደም ውስጥ መግባት አለበት። አጥንትና ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅንም ከተሠራበት ሴል መውጣት አለበት። ሴሉ ግን በስብ ሽፋን የታጠረ ነው። ታዲያ ይህን የሚያክል ፕሮቲን አጥሩን ሳያፈርስ እንዴት ይወጣል?

መንገዱን ያሳየን ጆርጅ ፓላዴ ነው። ሮማንያ ውስጥ ሕክምና ተምሮ በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) አሜሪካ ገባ። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ተቋም ሠራ። በ1960ዎቹ ከጀምስ ጄሚሰን ጋር ሆኖ የጊኒ ፒግ ቆሽት በስሱ ቆረጡና ጨረር የሚያመነጭ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ለ3 ደቂቃ ያህል ሰጡት። ከዚያ ጨረር ወደሌለው ቀየሩት። በየመሀሉ አንዳንድ ቁራጭ እያነሱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ጨረሩ መጀመሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው፣ የሚወጣው ፕሮቲን በሚሠራበት የሴል ክፍል ላይ ታየ። ቀጥሎ ጎልጂ ላይ፣ ፕሮቲኑ ተለይቶ ወደየቦታው በሚላክበት ክፍል። 2 ሰዓት ሊሞላ ሲል ደግሞ ለመውጣት በተዘጋጁት ማከማቻ ከረጢቶች ውስጥ ተገኘ። ፓላዴ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ለምን ቆሽት መረጡ? እነሱ የተከታተሉት የቆሽት ሴል (ኢንሱሊን ከሚሠራው የተለየ ነው) ዋና ሥራው የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ሠርቶ ማውጣት ስለሆነ ነው። ጨረር የያዘው ፕሮቲን አብዛኛው በአንድ መንገድ ይሄዳል። ለመከታተል አይበታተንም። ሌላ ሴል ቢይዙ ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይ አይመስለኝም።

ከፓላዴ ጋር የሠራው ጉንተር ብሎበል ደግሞ ፕሮቲኑ የት እንደሚሄድ የሚናገር ምልክት ራሱ ላይ እንዳለ አሳየ። ሚኒባስ ላይ «መገናኛ» የሚል ታፔላ እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ለዚህ በ1999 ኖቤል አገኘ። መንገዱ ታወቀ፣ ታፔላው ታወቀ። የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ግን ገና አልታወቀም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ራንዲ ሼክማን የሚመጣው። ልጅ ሳለ የኩሬ ውሃ በመጫወቻ ማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ደህና ማይክሮስኮፕ ለመግዛት የሰው ግቢ ሣር እያጨደ ገንዘብ አጠራቀመ። እናቱ ከዚያ ገንዘብ ብትወስድበት በብስክሌት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቤት አልመለስም አለ! ማይክሮስኮፑ ያን ቀን ተገዛለት። (እናንተ ግን እናታችሁን እንዳትከሱ።)

በ1976 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ማጓጓዙን በእርሾ ላይ ላጥና አለ። እርሾ ላይ ሠርቶ አያውቅም። የተማረው ስለ ዲኤንኤ መባዛት ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የመጀመሪያ የገንዘብ ጥያቄውን ውድቅ አደረገበት። ልምድም የመነሻ ውጤትም የለህም ተባለ። እኔ በገምጋሚዎቹ አልፈርድም። ማንም የሚጠይቀውን ነው የጠየቁት። እሱም ገንዘብ ከሌላ ቦታ አግኝቶ ቀጠለ።

እርሾ ምን ጥቅም አለው? ቶሎ ይራባል። አንድ ጂን ሲበላሽ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መኖር ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ማጓጓዝ ካቆመ ሴሉ ይሞታል። የሞተን ነገር ደግሞ እንዴት አርብታችሁ ታጠናላችሁ? ሼክማንና ተማሪው ፒተር ኖቪክ የፈለጉት በ25 ዲግሪ ደህና የሚያድግ፣ 37 ዲግሪ ሲደርስ ግን የሚቆም የተበላሸ እርሾ ነበር። በ25 ዲግሪ ታራቡታላችሁ፣ ስትፈልጉ ታሞቁትና ምን ላይ እንደቆመ ታያላችሁ። በ1979 የመጀመሪያውን ይፋ አደረጉ። ሲሞቅ ሴሉ መውጫ ባጡ ትናንሽ ከረጢቶች ጢም ብሎ ይሞላል።

አንድ አንድ እያሉ መፈለግ ግን አድካሚ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ኢኖሲቶል የተባለ ንጥረ ነገር የተነፈገ እርሾ እየጠቀጠቀ እንደሚሄድ፣ ማለትም መጠኑ ሳይጨምር እንደሚከብድ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች አይተው ነበር። ሽፋኑ አያድግም፣ ውስጡ ግን ፕሮቲን መሥራቱን አያቆምም። እነ ኖቪክ ማጓጓዝ ያቆመ ሴልም እንዲህ መሆን አለበት ብለው አሰቡ። ስለዚህ ሴሎቹን አሙቀው ሴንትሪፉጅ በተባለው፣ በፍጥነት እያሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ በሚለይ መሣሪያ ውስጥ አሽከረከሩና ወደ ታች የዘቀጡትን ለቀሙ። በቃ! በ1980 ለማጓጓዝ የሚያስፈልጉ 23 ጂኖችን አሳወቁ። እዚህ ጋ ስደርስ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ደስታዬ ያስታውቅብኝ ነበር። ሐሳቡ የሌላ ሰው ወረቀት በደንብ ከማንበብ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ልሸፍንባችሁ አልፈልግም። ሰዎቹ በርክሌይ ነበሩ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበራቸው። «ሐሳብ ካለ ሌላው ትርፍ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ጀምስ ሮዝማን በሌላ በኩል መጣ። ከሃምስተር ሴል የወጣ ጎልጂ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ማጓጓዙን እንዲሠራ አደረገ፤ ከዚያ የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ አጣራ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር። በ1989 እሱ ያጣራው አንድ ፕሮቲንና ከሼክማን የእርሾ ጂኖች አንዱ አቻ ሆነው ተገኙ። ቶማስ ሱድሆፍ ደግሞ ነርቭ መልእክቱን በትክክለኛው ቅጽበት እንዴት እንደሚለቅ አሳየ። ሦስቱ በ2013 ኖቤል ተካፈሉ። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው መርዝም የሚቆርጠው ከረጢቱን ከሽፋኑ ከሚያገናኙት ፕሮቲኖች አንዱን ነው።

«እርሾ ለሰው ምን ይፈይዳል?» ለሚሏችሁ ይህን ንገሩልኝ። በ2006 አንድ የሳውዲ ቤተሰብ ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ልጆቹ ሲወለዱ እርግብግቢታቸው ከመጠን በላይ ሰፊ ነው፣ ለመግጠምም በጣም ይዘገያል። ምክንያቱ ከእነዚያ የእርሾ ጂኖች የአንዱ የሰው አቻ መበላሸቱ ነበር። ኮላጅን ከተሠራበት ቦታ እንደልቡ መውጣት አቅቶት ሴሉ ውስጥ ይጠራቀማል።

ስለ መጽሔቶችም ጥቂት ልበል። ሼክማን ኖቤል በተቀበለበት ሰሞን «ከእንግዲህ ቤተ ሙከራዬ ኔቸር፣ ሴልና ሳይንስ ለተባሉት መጽሔቶች ጽሑፍ አይልክም» ብሎ ጻፈ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን የ1980ው ሥራ የታተመው ሴል መጽሔት ላይ ነው። ሽልማቱን ከያዙ በኋላ እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ሥራ ለምትፈልጉት ለእናንተ አይቀልም። የምላችሁ ይህን ያህል ነው፦ መጽሔቱን አይታችሁ ጥያቄ አትምረጡ።

ወደ እናንተ ልምጣ። የእኛ ጠላና ጠጅ ውስጥ ሼክማን የሠራበት የእርሾ ዝርያ ይገኛል። የእንጀራው እርሾ የብዙ ረቂቅ ተህዋስያን ድብልቅ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ አይመችም። እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለመጠየቅ ግን እሱ ይሻላል። ያላችሁን ነገር በዚህ ዓይን እዩት፤ ለየትኛው ጥያቄ ይሆናል በሉ።

ለመጀመር ኢንተርኔት ይበቃል። ሳካሮማይሲስ ጂኖም ዳታቤዝ የሚባል በነፃ የሚከፈት የመረጃ ቋት አለ። 6,000 ገደማ የሆኑት የእርሾ ጂኖች እዚያ ተዘርዝረዋል። ከሮዝማን ፕሮቲን ጋር አቻ ሆኖ የተገኘውን የእርሾ ጂን ሴክ 18 (SEC18) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉና ሥራውንና የሰው አቻውን አንብቡ። ከዚያ ሥራቸው እስካሁን በውል ካልታወቁት ጂኖች አንዱን ምረጡ። ይህ ቢበላሽ ሴሉ ምን ይሆናል ብላችሁ ገምቱ። ግምታችሁን ለመፈተን ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ ውስጥ የትኛው ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ እንዳለ በአንድ ገጽ ጻፉና ለመምህራችሁ ስጡት።