ጥቁሩን ክብ ምን ብዬ ልየው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዴልሂ የምማር ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ፣ ኤስ. ኤች. ራዛ የሚባል በሕይወት የሌለ ሠዓሊ የሚታሰብበት የጋለሪ ዝግጅት አለ፣ ቅዳሜ አብረን እንሂድ አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ስልኬ ላይ ሥዕሎቹን ፈልጌ አየሁ። ትልቅ ጥቁር ክብ፣ ቀጥሎ ሌላ ጥቁር ክብ። እውነቱን ልናገር፣ ምንም አልገባኝም። እሷ ግን ስለሱ ስታወራ እንባዋ ይመጣል። ጥቁር ነው የሚለበሰው? ሥዕሉ ፊት ቆሜስ ምን እላለሁ? እንዳላሳፍራት ፈራሁ።
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላሉን እናስቀድም። የምትሄጂው ለቅሶ ቤት አይደለም። ራዛ ያረፈው በ2016 ነው፣ በ94 ዓመቱ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ጥቁር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ብዙ ሕንዶች ለሐዘን የሚለብሱት ነጭ ነው። የሚመችሽን ልበሺ። ጫማሽ ግን አይጥበብሽ፣ ብዙ ትቆሚያለሽ። መክፈቻው ላይ ከደረሳችሁ የነሐስ መብራት ይለኮስ ይሆናል፣ ንግግርም አይጠፋም። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ።

አሁን ወደ ክቡ። ራዛ በ1922 መካከለኛው ሕንድ ባለችው ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ፣ ጫካ በከበበው አገር ተወለደ። አባቱ የደን ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ትምህርት ቤት አርፎ አልቀመጥ አለ፤ ሐሳቡ አንድ ቦታ አይረጋም። መምህሩ ግድግዳው ላይ ነጥብ አደረጉለትና እሷን ብቻ እይ አሉት። ይህን ታሪክ እስከ እርጅናው ሲያወራው ኖሯል።

ነጥቧ ግን ወዲያው አልመጣችም። በ1947 ቦምቤይ ላይ ከሱዛ፣ ከሁሴንና ከሌሎች ጋር ሆኖ አዲስ ዘመን የፈለጉ ሠዓሊያንን ቡድን መሠረተ። በ1950 ፈረንሳይ ሄደ፣ በ1956 እዚያው የሐያሲያንን ሽልማት አገኘ፣ ሠዓሊ የሆነች ፈረንሳዊት አገባ። ሰው ሁሉ ተሳካለት ይል ነበር። እሱ ግን በ1970ዎቹ በሥራው ልቡ አልሞላም፤ ሕንድ እየተመላለሰ የራሱን ነገር ፈለገ። ያን ጊዜ ነው የልጅነቱ ነጥብ ሸራው ላይ የተቀመጠችው። ቢንዱ ይላታል፣ ነጥብ ማለት ነው። ለእሱ ዘር ናት፣ ሁሉ ነገር ከውስጧ የሚበቅልባት።

ስለዚህ ስልክ ላይ አትፍረጂበት። አውራ ጣት የምታክል ሥዕል ምን ታሳያለች? ቅዳሜ አዳራሹን በሙሉ ለማዳረስ አትሩጪ። አንዱን ቢንዱ ምረጪና ልክ እንደዚያ ልጅ ፊቱ ቁሚ። አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ይሰለችሻል፣ እግርሽ ሂጂ ሂጂ ይልሻል፣ አትሂጂ። ከዚያ ጠጋ በይ፣ ሳትነኪ። የብሩሹን መንገድ፣ ጥቁሩ ቀዩን የሚነካበትን ጠርዝ እዪ። መልሰሽ ራቂ። እኔ ጥቁር ክብ ጥልቀት እንዳለው ያወቅኩት እንዲህ ቆሜ ነው፣ ማንም አስረድቶኝ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አንቺም ከቤትሽ ርቀሽ ነዋ። በ1981 የሣላት «እናት» የምትባል ትልቅ ሥዕል አለችው። ሸራዋ ላይ ከአንድ ወዳጁ ግጥም የወሰደውን ስንኝ በሂንዲ ጽፎባታል፤ ልጅ እናቱን፣ ስመለስ ምን ይዤ እመጣ ይሆን የሚላት ዓይነት ነው። ይህን የጻፈው ፈረንሳይ 30 ዓመት ከኖረ በኋላ ነው! በ2010 መጨረሻ ላይ ጠቅልሎ ዴልሂ ገባ፤ ሲሞትም በተወለደበት አገር በማንድላ፣ አባቱ አጠገብ ተቀበረ። የጓደኛሽ እንባ ከየት እንደሚመጣ ባላውቅም፣ እኔን ሁሌም የሚይዘኝ ይሄ መመለሱ ነው።

ምን ልበል ላልሽው፣ የማይሰማሽን አትበይ። «በጣም ድንቅ ነው» ከማለት «አንቺ የትኛውን ትወጃለሽ?» ብትያት ይሻላል። ወደዚያ ሥዕል ትወስድሻለች፣ አብራችሁ ቁሙ። ካልገባሽም አልገባኝም በያት፣ አታፍርብሽም። ስትወጡ በር ላይ የጎብኚዎች መዝገብ ካለ ስምሽን በአማርኛ ጻፊበት።