እንጦጦን ስትወጣ የምትግል መኪና፦ ትሸጥ ወይስ ትሠራ?
ጤና ይስጥልኝ። የ15 ዓመት ዕድሜ ያላት ባለ ፎር ዊል መኪናዎ የእንጦጦን ዳገት በወጣች ቁጥር ስለምትግል፣ ቢሸጧት ወይስ ቢያሠሯት እንደሚሻል ጠይቀዋል። ከመወሰንዎ በፊት፣ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዝቃጭ ካገኙበትና የራዲያተሩም ውሃ የትም ሲንጠባጠብ ሳይታይ የሚጎድል ከሆነ፣ ውሃና ዘይት መቀላቀሉ ያሠጋልና ቴስታታው (ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ተፈትቶ መታየት አለበት። ጥፋቱ የቴርሞስታት (የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር የሚቆጣጠረው ቫልቭ) ወይም የፋን (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ብቻ ከሆነ ግን፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በመከልከሉ ምትክ የሚያገኙት ወይ የኤሌክትሪክ መኪና ወይ ሌላ ሰው የተገላገለውን ስለሆነ፣ እንዲያቆዩዋት አጥብቄ እመክራለሁ። ቴስታታው ተጣምሞ ከተገኘ፣ በተለይ ቤተሰብ ይዘው ክፍለ ሀገር የሚወጡ ከሆነ፣ ጉድለቷን ለገዢው ሳይደብቁ ይሽጧት።