የናኖርታሊክ «ክ» እና የቃቆርቶቅ «ቅ»

ጥያቄ፦ ናኖርታሊክ፣ ኡፔርናቪክ፣ ኑክ። የግሪንላንድ ከተሞች ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው «ክ» «ከተማ» ማለት ነው? ከሆነ «የናኖርታሊክ ከተማ» ማለት ድግግሞሽ አይሆንም? «ቃቆርቶቅ» የተባለውን የግሪንላንድ ከተማ ስም በ«ክ» የሚጽፉስ ተሳስተዋል?

መልስ፦ «ክ» ለብቻው ምንም ትርጉም የለውም። ናኖርታሊክ «ናኖቅ» (የዋልታ ድብ) ከሚለው ስምና «ያለበት» የሚል ፍቺ ካለው ጥገኛ ምዕላድ (ለብቻው ከማይቆም ቅጥያ) የተሠራ ነው። እኛ «ባለ»ን ከፊት እናስቀድማለን፤ እነሱ ከኋላ ይቀጥላሉ። ኡፔርናቪክ የጸደይ ስፍራ ነው፤ «ቪክ» ስፍራን ያመለክታል። (ጸደይንና መጸውን የማምታታቱ ጣጣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።) ይኸው የቦታ ቅጥያ «ማንበብ» ከሚለው ግሥ ጋር ሲገጥም «ፊክ» ሆኖ «አቱዋርፊክ»ን ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ ከእኛ «ማንበቢያ» ብዙም አይርቅም። ኑክ ግን ቅጥያ የለውም፤ ወደ ባሕር የገባ የብስ ማለት ነው። ስለዚህ «ከተማ» ይበሉ፤ ማንም አይከስዎትም። ሰሃራ ራሱ በዐረብኛ በረሃ ማለት ሆኖ ሳለ «የሰሃራ በረሃ» እያልን እንኖር የለ?

«ቅ»ን ካነሡ ግን በቀላሉ አልለቅዎትም። «የእኛ ቅ የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ የእነሱ ከእንጥል አካባቢ ቢወጣም አይፈነዳም፤ ስለዚህ በክ ይጻፍ» የሚሉ አሉ። በድምፅ ጥናት በኩል እውነታቸውን ነው፤ ይህን ስጽፍም ደስ አይለኝም። ነገር ግን ቃሉን ፈትተው ይመልከቱት። «ናኖቅ» ላይ ቅጥያ ሲመጣ «ቅ» ወደ «ር» ይለወጣል፤ ናኖር-ታሊክ። «ቄቄርታቅ» (ደሴት) ላይ «ትልቅ» የሚለው «ሱዋቅ» ሲታከል ቄቄርታርሱዋቅ ይሆናል። «ካንገርሉክ» (ወደ የብስ የሚዘልቅ ጠባብ የባሕር ክንድ) ግን በ«ክ» ስለሚያልቅ «ክ»ው በ«ስ» ተውጦ ካንገርሉሱዋቅ ይወጣል፤ «ሱ» ጠብቆ ይነበባል። ሁሉንም በ«ክ» የጻፈ ሰው፣ አንዱ «ር» ሌላው ጥብቀት ያመጣበትን ምክንያት በገዛ እጁ ደምስሷል።

ሚስዮናዊው ሳሙኤል ክላይንሽሚትም የግሪንላንድኛን ሰዋስው በ1851 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ለዚህ ድምፅ ከላቲኑ «ኬ» (k) የተለየ ፊደል ሰጥቶታል፤ የ1973ቱ የአጻጻፍ ማሻሻያ ፊደሉን በ«ኪው» (q) ተካው እንጂ ልዩነቱን አልነካም።

ቃቆርቶቅን ራሱን ያየን እንደሆነ ሥሩ «ነጭ መሆን» ነው፤ ከተማው «ነጩ» ተባለ። ከዚያው ሥር «ቃቆርታቅ» ወጥቶ ቤሉጋ የሚባለውን ነጭ ዓሣ ነባሪ «ቂላሉጋቅ ቃቆርታቅ» አሰኝቶታል። ጥርሱ እንደ ጦር የረዘመው ዘመዱ «ቂላሉጋቅ ቄርኔርታቅ» ነው፤ ጥቁሩ ማለት ነው። እነዚህን ስሞች በ«ክ» ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ ለእኔ ጆሮ ዓሣ ነባሪው ግማሽ ክብደቱን ያጣል። ይህ ማስረጃ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

ተመሳሳይ የዐረብኛ ድምፅ ያላቸው «ኢራቅ» እና «ቁርኣን» በ«ቀ» ቤት ሲጻፉ የተከራከረ አልነበረም። «ኳታር»ን ግን ወደዚያው ቤት ለመመለስ ዓመታት ታግዬ ተሸንፌያለሁ፤ ጋዜጣውም ተጓዡም ኳታር ብሏል። ስለዚህ «ካኮርቶክ» ብለው ቢጽፉ አላርምዎትም፤ ደብዳቤዎን ግን በ«ቅ» ቢልኩልኝ ቶሎ እመልሳለሁ።