ወንድምሽን "ዝጋው" ከማለትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምመልስልሽ። ታናሽ ወንድምሽ ፌስቡክ ላይ ይጽፋል፤ ከ8 ሺህ በላይ ተከታይ አለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛው በራሱ ጽሑፍ ምክንያት ተይዟል። እናታችሁ ደግሞ "አካውንቱን ዝጋው በዪው" ብለው ይዘውሻል። አንቺ የጠየቅሽው የጻፈው ያሳስረዋል ወይ፣ ቢያዝስ ምን እናድርግ ነው።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ወንድሜ በ2015 ሚያዝያ ላይ በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ምክንያት 19 ቀን ታስሯል። ስንቅ ያመላለስኩት፣ ችሎት የተቀመጥኩት፣ ሌሊት ሌሊት አዋጁን እያነበብኩ ያሰመርኩበት እኔ ነኝ። የምነግርሽ ከዚያ ነው።

ያኔ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት ጀምሮ ተዘግተው ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በእኛ አካባቢ ቤት ይፈርስ ነበር። ወንድሜ ሄዶ ፎቶ አነሳ፣ ሰው አነጋገረ፣ ጻፈ። በዓይኑ ያየው ወደ 60 ቤት ነው። አንድ ሰው በስልክ "ከ200 ያልፋል" አለውና "ሰዎች እንደነገሩኝ ከ200 በላይ" ብሎ አስገባው። በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። የተባለው "ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት ተጠርጥሮ" ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፤ በዚያው አንቀጽ ግን ገደብ ሊደረግበት እንደሚችል ይላል። ፌስቡክ ላይ በሚጻፍ ነገር ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ነው፤ ቁጥሩ 1185/2012። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ዝም ብሎ የተሳሳተን ነገር አይደለም። መረጃው ሐሰት መሆን አለበት፤ ያሰራጨው ሰው ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት፤ ነገሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። ሦስቱም። እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ላደረገ ሰው፣ እንዲሁም ለፖለቲካ ትችትና አስተያየት ሕጉ ራሱ በር ይከፍታል። ላይክና ታግ ማድረግም "ማሰራጨት" አይባልም። ሼር ማድረግ ግን ሌላ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ውጭ ያለ ዘመድ የላከውን ቪዲዮ እዚህ ያለው ሳያየው ያጋራዋል፣ የሚያዘው እዚህ ያለው ነው።

የወንድምሽ 8 ሺህ ተከታይ ለምን አሳሰበኝ? ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት በተራው ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ነው። ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ግን እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ያስቀጣል፤ በዚያ ሰበብ ሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት።

ይሄ አዋጅ በጭራሽ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶአቸውና የሥራ ቦታቸው ፌስቡክ ላይ ከስም ማጥፋት ጋር ከተለጠፈ በኋላ ጥቅምት 2014 ላይ በገዛ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ድርጅት ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ከሶ እየተሟገተ ነው። ወንድምሽ እንዲህ ዓይነት ነገር ከጻፈ፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ብሔር "ይሄ ነው፣ እዚህ ነው ያለው" እያለ ከሆነ፣ ዛሬውኑ አስቁሚው። ለእስራቱ ብለሽ አይደለም፤ ለዚያ ሰው ነፍስ ብለሽ ነው። ስለ ፈረሰ ቤት፣ ስለ ጠፋ ውኃ፣ ስለ ባለሥልጣን ውሳኔ መጻፍ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ የሚከታቸውን ሰው አልሰማም፤ ፖሊስም ቢሆን።

ነገሩ ከዚህ አዋጅ በፊትም ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ሚያዝያ 2006 ላይ፣ የዞን 9 ጦማርያን ታሰሩ፤ ስድስት ጦማሪና ሦስት ጋዜጠኛ። ስሙ የመጣው ከቃሊቲ ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞን ነበረው፤ እነሱ ከግቢው ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን አሉት። "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ይሉ ነበር። የተከሰሱት በፀረ ሽብር ሕጉ ነው። ኮምፒውተርን ከጠላፊ ስለመጠበቅ ስልጠና መውሰዳቸው እንኳን ክሱ ውስጥ ገብቷል። የአምስቱ ክስ ሐምሌ 2007 ላይ ተነሣ። የቀሩት ጥቅምት 2008 ላይ ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ነፃ ለመባል አንድ ዓመት ተኩል ታስረዋል ማለት ነው! የሰማያዊ ፓርቲ ቃል አቀባይ የነበረው ዮናታን ተስፋዬ ደግሞ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ብቻ ግንቦት 2009 ላይ 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበት ነበር፤ በ2010 ተፈታ።

ይሄን የማነሳው ላስፈራራሽ አይደለም። ወንድሜ ጋ ሆኜ ያየሁት ነገር ከዚህ ጋር ስለሚገጥም ነው። ሰው "ይፈረድበት ይሆን?" ብሎ ይጨነቃል። ወንድሜ ላይ ግን እስከ ዛሬ ክስ እንኳን አልተመሠረተም። የበላን የጊዜ ቀጠሮው ነው፤ ለምርመራ እየተባለ የሚራዘመው እስር። ፖሊስ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ብሎ 14 ቀን ጠየቀ፣ ፍርድ ቤቱ 8 ሰጠ። ከዚያ ሌላ 5። ከዚያ በ15 ሺህ ብር ዋስ ይውጣ ተባለ። ገንዘቡን በዚያው ቀን ከፈልን። ጣቢያው ግን "ከበላይ ትእዛዝ አልደረሰንም" እያለ 4 ቀን አቆየው። የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዤ በር ላይ የቆምኩባቸውን አራት ቀናት አልረሳም። ስልኩን የመለሱለት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ከተያዘ ቶሎ መሮጥ ያለባችሁ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ዝም የማለት መብትም አለው። በአንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ጠበቃ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አባት ሊያዩት ይችላሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ግን ይሄ ሁሉ ይላላል፤ በ2014ቱም በ2015ቱም አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ተፈቅዶ ነበር። እኛ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነበርን፣ የእሱ ከአዋጁ ጥቂት ወራት በፊት ነው።

የት እንዳለ ካልነገሯችሁ ስንቅ ይዘሽ ዙሪ። እኔን ያስተማረችኝ ልጇ የታሰረባት አንዲት እናት ናት። "ልጄ፣ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ምግቡን ስሙን ጠርተሽ ስጪ። ከተቀበሉሽ አለ" አለችኝ። ሦስተኛው ጣቢያ ተቀበለኝ። ብርድ ልብስና ገመድ የሌለው ቱታ ያዢ። ምግቡን እዚያው ቅመሽ ይሉሻል፣ አትከፊ። ጠዋት ጠዋት ፍርድ ቤት ሊያወጡት ስለሚችሉ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰው በር ላይ ይኑር። እኛ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በአሥር ደቂቃ ልናጣው ነበር። ሰው ችሎት ላይ ቤተሰቡን ሲያይ አቋሙ ራሱ ይለወጣል። ዳኛውም ወገን እንዳለው ያያል።

ከተያዘ በኋላ ጽሑፉን ለማጥፋት አትቸኩሉ። እኔ ልክ እንደተያዘ አካውንቱን ልዘጋው ነበር፤ የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ። ጠበቃው "እንዳትነኪው፣ ማስረጃ አጠፉ ይባላል" አለኝ። ይልቅ ሙሉውን ጽሑፍ ከነቀኑና ከነአስተያየቱ ስክሪንሾት አንሺ። ለምን? ፖሊስ ያቀረበው አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ነው፤ "ከ200 በላይ ቤት ፈርሷል" የምትለዋን። "ሰዎች እንደነገሩኝ" የሚለው ተቆርጧል። ከታች አንድ የሰፈር ሰው "ቁጥሩ ያንሳል" ሲለው "እሺ አጣርቼ አስተካክላለሁ" ብሎ የመለሰውም የለም። ጠበቃው ሙሉውን አትሞ ሲያቀርብ ዳኛው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አነበበው። ዋስትናው የተፈቀደው በዚያ ቀጠሮ ነው።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 አንቀጽ 86ን ጠበቃችሁ ማንሳቱ አይቀርም። በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት በተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እኛም አንስተን ነበር። "የግል ፌስቡክ ገጽ የተመዘገበ መገናኛ ብዙኃን አይደለም" ተብሎ አልሠራልንም። ቢሆንም ይነሳ። ካልተነሳ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ስልኩን በተመለከተ ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚቆጨው አንድ ነገር አለ። መርማሪው የይለፍ ቃሉን ሲጠይቀው በፍርሃት ሰጠ። ከጓደኞቹ ጋር የተጻጻፈው ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱ ልጆች ለቃል ተጠሩ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አልሰጥም፣ ጠበቃዬ ሳይኖር ቃል አልሰጥም ማለት ይችላል። ይሄን ለማለት ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ያላነበበውን ወረቀትም አይፈርም።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ዘመቻ እንጀምር ይላሉ። የእኛ የአክስት ልጅ ከዋሽንግተን ቲክቶክ ላይ ላይቭ ወጣና የማይባል ተናገረ። በማግሥቱ ችሎት ላይ ተነሳብን። በፍቅር ነው ያደረገው፣ አልቀየምኩትም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ለኢሰመኮ (ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን) እና ለኢሰመጉ (ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) አሳውቃለሁ፤ ስም፣ የተያዘበት ሰዓት፣ ጣቢያ፣ መቼ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ብቻ። ወደ ሕዝብ መውጣት ካስፈለገም ከጠበቃው ጋር ተነጋግሮ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ፤ ብዙ ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው።

የእኔ እናት "ዝም አይነቅዝም" ትላለች። ወንድሜ ሲፈታ እግሩ ላይ ወድቃ ነው ያስማለችው። 14 ወር አልጻፈም። እኔም አገዝኳት። እሱ ሲተኛ ስልኩን ከፍቼ አይ ነበር። አንዴ ጀምሮ የተወው ጽሑፍ አግኝቼ አጥፍቼበታለሁ። አልነገርኩትም ነበር፤ በኋላ ነው የነገርኩት። ፖሊስ 19 ቀን አሰረው፤ እኛ ከአንድ ዓመት በላይ አሰርነው። ልጁ ጠረጴዛ ላይ እንኳን መናገር አቆመ። ዜና ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል።

ከዚያ በ2016 ክረምት ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ያሉ ሰዎች ቤታቸው ሊፈርስ ምልክት ተደረገበት። ነጠላ የለበሱ ሦስት እናቶች ደጃችን መጡ። ለእናቴ "ያ የሚጽፈው ልጅሽ አለ?" አሏት። እሷ "ትቶታል" አለች። አንደኛዋ "አይ፣ እሱም ከተወው…" ብላ ዝም አለች። እናቴ ማታ እራት አልበላችም። ስንተኛ ጠራችውና "ጻፍ። ግን ያየኸውን ብቻ ጻፍ" አለችው።

አሁን ይጽፋል። ቁጥር ካላየ አይጽፍም፤ ካየ ቆጥሮ ፎቶ ያስቀምጣል። ለሚመለከተው ቢሮ ደውሎ ምን እንዳሉት ያስገባል፤ ካላነሱለት የደወለበትን ሰዓት ይጽፋል። ሲሳሳት ከላይ "እርማት" ብሎ ያስተካክላል። ከሰው የመጣን ቪዲዮ አያጋራም። ጽሑፉ ፊት ከሚጽፈው የበለጠ ሰው ያምነዋል። እንደገና አይያዝም ልልሽ አልችልም። እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

ስለዚህ እህቴ፣ የእኔ መልስ "ዝጋው" አትበዪው ነው። ማታ አብራችሁ ተቀመጡ። ያለፉትን ሃያ ጽሑፎቹን አብራችሁ አንብቡ። ሰውን በማንነቱ የሚነካ ካለ ይውረድ፣ ይቅርታም ይጠይቅበት። ያልተጣራ ካለ ይታረም። ሌላው ይቀመጥ። ጠበቃ ከአሁኑ አነጋግሩ። ቁጥሩን ስልክ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፣ ስልኩን ይወስዱታል፤ ወረቀት ላይ ጻፉትና እናትሽም በቃላቸው ይያዙት። የእኛው ወረቀት እናቴ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው ያለው፤ ጠዋት ስትጸልይ ታየዋለች።

ለጓደኛው ቤተሰብም ንገሪያቸው፣ ስንቅ የሚያመላልስ ሰው ካነሳቸው እኔ አለሁ። የእኛን ጠበቃ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።